ወፍ ሊቆጥር ወጥቷል

ሰው አገር ላለሽው ለእትዬ ገነት፤

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? ያ ሰባት ፎቅ ደረጃ ጉልበትሽን ጨረሰው? ማዳምሽስ ጠባይዋ ተሻለ ወይስ አሁንም እንደኔ ናት? በደንብ ትበያለሽ? ትተኛለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ፖስታው ላይ «ሳሌም አጠገብሽ ሳትቀመጥ እንዳትከፍቺው» ብዬ በትልቁ ጽፌያለሁ። እንደማውቅሽ ግን ቀደሽዋል። እባክሽ እዚህ ላይ አቁሚና ጥሪያት። ደብዳቤውን ይዛልሽ የመጣችው የጎረቤታችን የእማማ ዝናሽ ልጅ ናት፣ እጅሽን እንድትይዝ ቃል አስገብቻታለሁ።

እትዬ፣ አባዬ የለም። መጋቢት 14 ጠዋት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አረፈ። ሳንባ ምች ነው ያሉን። አርባውም ወጣ።

እሁድ እሁድ ስትደውይ «ወፍ ሊቆጥር ወጥቷል» ያልንሽ ውሸት ነው። የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል ያልነውም ውሸት ነው፤ እማዬ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ነው። ጋሼ ወልደአረጋይ እንደ ዘመድ ሽማግሌነታቸው «ብቻዋን ላለች ልጅ መርዶ አይነገርም፣ ስትመጣ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራታል» ብለው ሁላችንንም አስማሉን። «መቼ ነው የምትመጣው?» ብላቸው «አንቺ ደግሞ አፍሽን ያዢ!» አሉኝ። እኔ የማልኩት በስልክ ትንፍሽ እንዳልል ነው። ስለ ደብዳቤ ማንም አላነሳም።

ያ የወፍ ተመራማሪ አቅራቢ መነጽርና ደብተር ከሰጠን ጀምሮ፣ በየዓመቱ በበልግ ከቤታችን በላይ ካለው ጋራ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን ወደ ሰሜን የሚያልፉትን ጭልፊቶች እንደምንቆጥር ነግረንሻል። ከአሊዩ አምባ ቆላ ሙቀቱ ሲነሳ እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከዚያ መስመር ይዘው ይሄዳሉ። ሰውዬው «በሊባኖስ ሰማይ ያልፋሉ» ካለ ወዲህማ አባዬ ለይቶለት አበደ። ቢያመውም፣ ጾም ቢያደክመውም አይቀርም። «የገነትን ጣሪያ የሚያዩ ናቸው፣ አንድም እንዳያመልጠን» ይላል። እኔ በደብተር፣ እሱ በጠጠር ነው የምንቆጥረው። አሥር ባለፈ ቁጥር አንድ ጠጠር ከግራ ኪሱ ወደ ቀኝ ኪሱ ያዛውራል።

መጋቢት 9 ተጣላን። ገና እየተሽከረከሩ ሳሉ ቆጠርኩና መቶ አርባ ብዬ ጻፍኩ። «ዙር ላይ ያለ አይቆጠርም፣ አንዱን ሦስቴ ነው የቆጠርሽው፣ ሰርዢው» አለኝ። «ትምህርቴን የተውኩት እኮ አራሚ ሰልችቶኝ ነው» አልኩት። «ለዚህ ነዋ አንዱ ጭልፊት ሦስት የሆነብሽ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ነው ያናደደኝ። ደብተሩን እግሩ ስር ወርውሬ፣ ቦርሳውን አንጠልጥዬ ወረድኩ።

የዝናብ ላስቲኩ ቦርሳው ውስጥ ነበር።

ቤት እንደገባሁ በረዶ ጣለ። እሱ ደግሞ ሰዓቱ ሳይሞላ እንደማይወርድ ታውቂዋለሽ። አመሻሽ ላይ ደብተሩን በሸሚዙ ሸሽጎ፣ በስብሶ ገባ። «ላስቲኩ ቀድሞኝ ገባ አይደል?» ብሎ ቀለደ። አኩርፌ ስለነበር ጀርባዬን ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጠረው። የላስቲኩን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺ ነው የነገርኩሽ። ከፈለግሽ እርገሚኝ።

ከሠልስቱ በኋላ ብቻዬን ወጣሁ። ከቤታችን አንድ ሰው እንኳ የእውነት ወፍ ሊቆጥር ይውጣ ብዬ ነው። በየቀኑ ወጣሁ። ዙር ላይ ያለ አልቆጠርኩም። ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ግን አንድም አላለፈም፣ አልቋል። ከእንግዲህ ስትደውይ የት ሄደ እንበልሽ?

እማዬ ጉንጭሽን ትስምሻለች፤ ስጽፍ አይታኝ መብራቱን አስጠጋችልኝ። ትንሹ ዘሥላሴ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፣ የራሱን ስም ሲጠራ ያፏጫል፤ እሱም ሰላም ብሎሻል። ጋሼ ወልደአረጋይ ስለ ደብዳቤው አያውቁም እንጂ ቢያውቁ ሰላም ይሉሽ ነበር፣ እኔን ከገረፉኝ በኋላ።

አንድ ነገር ቀረኝ። መቶ አርባውን ሰርዤዋለሁ፣ የመጋቢት 9 ገጽ ባዶ ነው። የዚያ ቀን ጠጠሮች ግን ኮቱ ቀኝ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ልቆጥራቸው ሦስቴ አውጥቼ ሦስቴ መለስኳቸው። በነጠላዬ ቁራጭ ቋጥሬ ለሳሌም ሰጥቻታለሁ። መጀመሪያ አልቅሺ። ከዚያ ቁጠሪያቸው፤ አንዱ ጠጠር አሥር ነው። እሁድ ስትደውይ ቁጥሩን ንገሪኝ፣ ደብተሩን ይዤ እጠብቅሻለሁ።

እህትሽ ፀደንያ
አንኮበር፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.