የገዛ ልጄ ተማሪ

ናቩ፣ ኢሊኖይ
ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ይድረስ ለቴይን፣ ፍርድ ቤት ገና ላልነጠቀኝ ባሌ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? በረዶ አድርግበት ስልህ እንደማታደርግ አውቃለሁ፤ ግን ልማድ ሆኖብኝ እጠይቅሃለሁ።

መልእክትህ ትናንት ስልኬ ላይ ደረሰኝ። «ጃኔል፣ መሬት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ቲኬት ቆርጫለሁ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በገዛ እጄ አጠምቅሻለሁ» ትላለህ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። በል አሁን ተቀመጥ፤ ቆመህ የምታነበው ደብዳቤ አይደለም።

ቴይን፣ እኔ ወደ ሞርሞን ቤተ ክርስቲያንህ አልተመለስኩም። ልጃችን ብሪንሊ አልዋሸችህም፤ እሷ የምታውቀውን ነው የነገረችህ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ስልክ ደውዬ ያልነገርኩህ ድምፅህን ስሰማ እንደገና እንደምዋሽ ስለማውቅ ነው። እንዴት እዚህ ውስጥ እንደገባሁ ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግከውን በለኝ።

በጁን ከአዲሱ ቤተ ክርስቲያኔ፣ ከፓስተር ሮይ ጉባኤ ጋር በአውቶቡስ ወደዚህ ስመጣ፣ ታስታውሳለህ፣ «የገዛ ወገንሽን ደጅ ላይ ቆመሽ ልታዋርጂ ነው!» ብለህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። ለፓስተሩ የነገርኩት ለጎብኚው ወንጌል ልመስክር ብዬ ነው። አንተ ግን ሞኝ አይደለህም። ልጄ ሚስዮናዊ ሆና የተመደበችው እዚህ ነው፤ ሌላ ምን ያመጣኛል? ስሜን ከቤተ ክርስቲያናችሁ መዝገብ ካሰረዝኩ ጀምሮ ስልኬን አታነሳም። «በቤተ መቅደስ ለዘላለም የታሰርነውን አንቺ በጠስሽው፤ እዚያ ማዶ በሰማይ ስንገናኝ ወንበርሽ ባዶ ነው የሚሆነው» ብላኝ ነው የሄደችው። ሰኞ ሰኞ ሚስዮናውያኑ ለቤተሰብ ሲደውሉ አንተን ታነጋግርሃለች። እኔ ስልኩን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ሳፈጥበት እውላለሁ።

ከተማዋን አይተሃታል፣ አልነግርህም። ወንዙም እዚያው ነው፣ ቤተ መቅደሱም ኮረብታው ላይ ነው። አዲስ ተጋቢዎች ሆነን የመጣን ጊዜ በዚያ ደረጃ ላይ ከደስታ ብዛት እንዳለቀስኩ ታውቃለህ። አሁን ጌታን አግኝቻለሁ፤ በጸጋው እንደዳንኩ አውቃለሁ፤ ያ ሁሉ ድንጋይ የሰው ሥራ እንደሆነም አውቃለሁ። ይኸን ሁሉ እያወቅሁ፣ በራሪ ወረቀቴን እንደያዝኩ እዚያው ደረጃ ሥር ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ ፀሐዩ ነው አልኳቸው።

በማግስቱ ከጉባኤው ተነጥዬ፣ ሚስዮናውያኑ የጥንቱን ኑሮ ወደሚያሳዩበት ቤት ከጎብኚዎች ጋር ገባሁ። ልጅህ ያንን የጥንት ሴቶች ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ቆቧን አገጯ ሥር አስራ፣ የገመድ አገማመድ ታሳያለች። ከስታለች። አጠገቧ ጓደኛዋ አለች፣ እህት ፊፊታ የምትባል የቶንጋ ደሴት ልጅ፤ ስትስቅ ቤቱ ይሞላል። ደንቡን ታውቃለህ፣ ሁለቱ ሚስዮናውያን ለቅጽበት አይነጣጠሉም፤ ስለዚህ ከልጄ ጋር ብቻዬን የማወራበት መንገድ አልነበረም።

«እንኳን ደህና መጡ እናቴ! ከየት ነው የመጡት?» አለችኝ ፊፊታ።

«ከዩታ።»

«ውይ! ይቺ ጓደኛዬ እህት ስቶዳርድም እኮ የዩታ ልጅ ናት! ማን ያውቃል፣ ጎረቤት ትሆናላችሁ!»

ብሪንሊ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ደም አልቀረም።

«ዩታ ሰፊ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እርስዎ ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ» አለችኝ። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ የወለድኳት ልጅ አንቱ አለችኝ! ጫፉን ያዝኩ። እሷ መዘውሩን አዞረች፣ ክሩ ተገመደ፤ ጎብኚው አጨበጨበ፤ እኔ ግን እሷን ብቻ ነበር የማየው። አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሲያልቅ ፊፊታ እንደ ልማዳቸው ታብሌቷን ይዛ መጣች። «ሚስዮናውያን እንዲያስተምሩዎት ይፈልጋሉ?» አለችኝ። እኔም በልጅነቴ ሚስዮን ወጥቻለሁ፤ አሠራሩን አልረሳሁትም። እዚህ «አዎ» ያለውን ሰው ያስጎበኘችው ልጅ ራሷ እየደወለች ትከታተለዋለች። እንደ እናት ስልኬን የማታነሳው ልጄ፣ እንደ ተማሪ ግን ልትደውልልኝ ግዴታዋ ነው።

«እፈልጋለሁ» አልኩ።

ቦርሳዬ «ከሞርሞን ውጡ» በሚል ወረቀት ታጭቋል፤ የጉባኤዬ ሰዎች ደጅ ቆመው በመስኮት ያዩኛል። ብሪንሊ ያን ጊዜ ነው ዓይኔን ያየችው። «የምርዎን ነው?» አለችኝ። «የምሬን ነው» አልኳት።

አውቶቡሱ ሲመለስ እኔ ቀረሁ። መንገድ ዳር ያለ ሞቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፤ ማደሪያም ሰጥተውኛል፤ አትሳቀቅ፣ አልራበኝም። ማክሰኞና ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይደውላሉ። መጀመሪያ ላይ ፊፊታ ብቻ ነበረች የምታወራው። ልጅህ ጥቅስ ታነባለች፣ ትጸልያለች፣ ትዘጋለች። እኔ ያስጠናኋትን ለእኔው ስታስተምረኝ ዝም ብዬ «እሺ፣ ገባኝ» እላለሁ። በደንባችሁ ክልክል ነውና ቡና ይተዉ አለችኝ፤ ተውኩ። በአዲሱ ጉባኤዬ «በነጻነት ጠጪ» ተብዬ የጀመርኩትን ቡና! ራሴን ለቀናት ፈለጠኝ። ቢያንስ በቡናው እንኳ አልዋሽም ብዬ ነው።

«አይዞዎት እናቴ፣ ያለ ቡና የሞተ ሰው የለም!» አለችኝ ፊፊታ። «የእኔ አያት ሲተዉ ዶሮዎቹን ሁሉ ሲቆጡ ከረሙ እንጂ አልሞቱም።»

ብሪንሊ ሳቀች። ቴይን፣ አፏን ሳትይዝ፣ እንደ ድሮዋ ነው የሳቀችው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ቀን በኋላ አንቱታው ቀስ በቀስ ጠፋ። ስለ እግሯ ጫማ መላጥ ነገረችኝ። ስለ እናትህ ሾርባ ጠየቀችኝ። አንድ ማክሰኞ ልትዘጋ ስትል «ቻው እማዬ» አለች፤ ራሷም ደነገጠች መሰለኝ፣ ቶሎ ዘጋችው።

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። አልቻልኩም። አንተ ብትሆን ትችል ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ፣ እናቷ መሆኔን ለፊፊታም ከነገረቻት በኋላ፣ ጠየቀችኝ። «እማዬ፣ ትጠመቂያለሽ? የሚስዮኑ አለቃ አስቀድሞ ያነጋግርሻል፣ ከዚያ አባዬ ራሱ ያጥምቅሽ። እንደገና ሁላችንም አንድ እንሆናለን» እያለች ታለቅሳለች። ምን ልበል? አፌ እሺ አለ። ሆዴ ነው እሺ ያለው። እሷ ከደስታዋ ብዛት ልትተነፍስ አልቻለችም፤ ፊፊታም ከጀርባ እልል ትላለች። ስልኩ ሲዘጋ ትራስ ነክሼ ጮህኩ።

ይኸውልህ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ውሃ አይደል? ገብቼ ብወጣስ? ጌታ ልቤን ያያል፣ ምን ይጎድልብኛል? ልጄን አገኛለሁ፤ አንተንም አገኛለሁ። አዎ፣ አንተንም። አልጋ እያነጠፍኩ ስለ ሁለታችሁ አስባለሁ፤ እሁድ ገበታ ላይ ተቀምጠን፣ አንተ ድንቹን ስትጨርስብን። ከዚያ አለቃው ዓይን ዓይኔን እያየ ስለ ነቢያቸው «ታምኛለሽ?» ሲለኝ ይታየኛል። አላምንማ! አንተ ነጭ ለብሰህ፣ ቀኝ እጅህን ወደ ላይ አንስተህ፣ ሙሉ ስሜን ስትጠራ ይታየኛል። በዕድሜህ አንድ ቀን ዋሽተህ የማታውቅ ሰው፣ በአምላክህ ፊት መቀለጃ ላደርግህ ነው? አላደርገውም። ጌታዬንም አልክደውም። ከሲኦል አፍ ያወጣኝ እሱ ነው፤ ያንን ዓመት፣ ክኒኑን የደበቅህብኝን ዓመት፣ አንተም አትረሳውም።

ፓስተር ሮይን ደውዬ አማከርኩት። «እህቴ፣ ልጅሽን ጣዖት አድርገሻታል» አለኝ። ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን የእሱ ልጆች እሁድ እሁድ ከጎኑ ነው የሚቀመጡት፤ ለእሱ ይቀለዋል። አምርሬ ነው የዘጋሁበት።

ስለዚህ የፊታችን ማክሰኞ ስትደውል እነግራታለሁ፤ ቅዳሜ የማልነግራት ይህ ደብዳቤ አስቀድሞ እንዲደርስህ ብዬ ነው። ልቤ እየፈረሰ ነው ይህን የምጽፍልህ። ደብዳቤውን ዛሬውኑ በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ፣ ቅዳሜ ይደርስሃል። ሰኞ ስትደውልልህ እባክህ ምንም አትበላት፤ ከእኔ አፍ ትስማው። ማክሰኞ ግን ከቤት አትውጣ። የሚስዮን ደንቡን ጥሳ ላንተ እንደምትደውል አውቃለሁ፤ ወላጅ አልባ የሆነች ያህል ነው የምታለቅሰው። አንሳላት። «ብዬሽ አልነበረም» አትበላት። ቲኬቱንም አትሰርዝ፣ ና፤ ለእኔ አይደለም፣ አንድ ሰው ሊያቅፋት ይገባል። እኔ አላስቸግራችሁም። ሞቴሉ ከምታስጎበኝበት ቤት መንገድ ማዶ ነው፤ ሳትነግሯት በመስኮት ባያት ይበቃኛል።

ከእንግዲህ አትደውልልኝም። ይህን አውቄ ነው የምነግራት። «እማዬ የተጫወተችብኝ ለምንድን ነው?» ስትልህ፣ ስለ ትምህርቱ አትከራከርልኝ፤ እዚያ ላይ ዋሽቻታለሁ። ግን በየጥሪው መጨረሻ እሷ ስትጸልይ፣ «ቤተሰባችንን መልስልን» ስትል፣ እኔ ከወዲህ «አሜን» እል ነበር። አሜኑ ውሸት አልነበረም በልልኝ።

አምላክ፣ የኔም ይሁን ያንተ፣ አንድ እንዲሆን እየለመንኩት፣ ከክፉ ይሰውራችሁ። መንገድህን ያቅናልህ።

አሁንም ሚስትህ፣
ጃኔል