የበሩ አጠገብ ክፍል

እህት ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ ሳሉ አልፎ አልፎ ቢያስቸግረኝም ደህና ነኝ።

«ልጃችን እንዴት ይዞሃል?» ብለሽ ከጠየቅሽኝ ቆየሽ። እየጻፍኩ እየቀደድኩት ነው የዘገየሁብሽ።

የስፌት መኪናዬን ሸጬ፣ ቤቴን አስረክቤ የመጣሁ ዕለት ሐኪሙ ልጃችን አቅፎኝ አለቀሰ። «ከእንግዲህ ዕረፍት ብቻ ነው፣ አባዬ» አለኝ። ማደሪያዬን ከግቢው በር አጠገብ ያለችው ክፍል አደረጉልኝ። ደረጃ እየወጣሁ እንዳልደክም ታስቦ ነው ሲሉኝ መረቅኋቸው።

ትንሽ ቆይቶ ሚስቱ፣ በር ሲንኳኳ ቅርብ ስለሆንኩ ብከፍት ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። ቀጥላ ማታ ማታ መቆለፉንም እንዳልረሳ ለመነችኝ። ከዚያ በሩን ይጠብቅ የነበረው ሰውዬ ተሰናበተ። ካፖርቱ እኔ ክፍል ተሰቅሎ ቀረ። ብርዱ ሲጠና ለበስኩት። ቢሰፋኝ ጊዜ ጎንና ጎኑን ይዤ በእጄ አጠበብኩት፤ አሁን ልኬ ነው።

ባለፈው እሑድ የሥራ ባልደረቦቹ ተጋብዘው መጡ። አንዱ ከመኪናው ወርዶ አየኝና፣ «ጥሩ ሽማግሌ አግኝተሃል» አለው። ልጃችን አጠገቤ ቆሟል። ምን እንደሚል ጠበቅሁ።

«አዎ፣ ታማኝ ነው» አለ።

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ይዟቸው ገባ። ሲያልፍ የካፖርቱን ኮሌታ አስተካክሎልኛል። ባያስተካክልልኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ልብስ አጣቢያቸው ጥላቸው ሄደች። ትናንት ሚስቱ፣ አክስትህ ብቻዋን ከምትቸገር እዚህ ብትሆን ምናለ፣ ማጠብ እንደሁ ለምዳዋለች ስትለው ሰማሁ። እሱም ደስ አለው። እሱን ለማስተማር የሰው ልብስ ስታጥቢ እጅሽ ተልጦ ማንኪያ መያዝ ያቃተሽን ጊዜ የረሳው እንዳይመስልሽ። ያስታውሰዋል። ለእንግዶቹ ሳይቀር ያወራዋል፤ የሌላ ሰው ታሪክ አስመስሎ።

ቅዳሜ ራሱ ሊወስድሽ ይመጣል። ያቅፍሻል፣ ያለቅስማል። ለማስመሰል አይደለም፤ ከልቡ ነው የሚያለቅሰው። አንቺ ግን ቤትሽን እንዳትለቂ። አሞኛል በይው፣ ጎረቤት አደራ ሰጥቶኛል በይው፣ የመጣልሽን በይው። እኔ እንደጻፍኩልሽ ብቻ እንዳይሰማ። መሄጃ የለኝም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ከጎጆሽ የሚያስነሳሽ አይምጣብሽ።

ወንድምሽ