ለታናሹ ልጄ ስለተውኳቸው የሙዚቃ ሸክላዎችና ስለ ቀኝ ጆሮዬ

ዛሬ ሐሙስ፣ የካቲት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ በቃሌ እናገራለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። አእምሮዬ ግን እንደ ጥንቱ ነው፤ የተጠራጠረ ካለ በአርባ ዓመት የጠገንኳቸውን ሬዲዮዎች ብልሽት አንድ በአንድ ይጠይቀኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ አስገድዶኝ የሚያውቅም የለም። የምናገረውን የሚጽፉት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ናቸው። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊውና የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ናቸው።

አንደኛ፤ ቤቱ ነርስ ለሆነችው ለትልቋ ልጄ ይሁን። እናቷ ካረፈች ወዲህ መድኃኒቴን በሰዓቱ ያዋጠችኝ፣ ቁጣዬንም የዋጠች እርሷ ናት። «አባዬ፣ ይሄን የሸክላ ክምር ሸጠን ክፍሉን ብናከራየውስ?» ያለችኝን ይቅር ብያለሁ፤ አልረሳሁም እንጂ።

ሁለተኛ፤ ትልቁ ሬዲዮዬ ለልብስ ሰፊው ይሰጥ። የስፌት መኪናውን በረገጠ ቁጥር ማንጎራጎር ይወዳል፤ ድምፁን ስለማውቀው ሬዲዮ ያስፈልገዋል። አሁን ስቋል፤ ይጻፍ።

ሦስተኛ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሸክላዎቼ፣ ማጫወቻውና ማጉያው፣ አንድም ሳይነጠል ለታናሹ ልጄ ይሁኑ። እህቱም ሆነች ሌላ ሰው ሊከፍላቸው ወይም ሊሸጣቸው አይችልም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ደጄን ያልረገጠ ልጅ እንዴት ይወርሳል የሚል ካለ ምክንያቱን ይስማ።

እኔና ልጄ ዓመታት ተከራክረናል። እኔ «ሸክላ ሰውን ያስቀምጣል፤ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ተነስተህ ትገለብጣለህ፣ አቧራውን ትጠርጋለህ፣ ያለፋህን ነገር ደግሞ ከልብህ ትሰማለህ። በስልክ የሚሰማ ሰው አንዱን ዘፈን ሳይጨርስ ሌላውን ይነካል» እላለሁ። እርሱ «አባዬ፣ አንተ የምትወደው ድምፁን ሳይሆን ድካሙን ነው» ይለኛል። ሸክላዎቼን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር የቀዳቸውም እርሱ ነው።

የዛሬ አሥራ አራት ወር፣ ለእህቱ ሹመት ግብዣ በተደረገ ቀን፣ እንግዳው ሁሉ ሸክላውን ከቅጂው በጆሮዬ እንድለይ ፈለገ። ሠፈሩ «ጆሮው» እያለ ነው የሚጠራኝ፤ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ልጄ ያንኑ ዘፈን ሁለት ጊዜ አጫወተልኝ፤ አንዱን ከሸክላው፣ አንዱን ከኮምፒውተሩ። የመጀመሪያው ድምፁ ከሳብኝ። በሁለተኛው ላይ ለዓመታት የራቀኝ ጥሩምባ መጣ። «ሸክላው ሁለተኛው ነው! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብዬ ጮህኩ። ሁለተኛው የኮምፒውተሩ ነበር። ቤቱ በሳቅ ሲናጋ ልጄን «አጭበርባሪ! ውጣ ከቤቴ!» አልኩት። ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እኔም ልመልሰው አልሞከርኩም።

ባለፈው ወር ልብስ ሰፊው «ጋሼ፣ የቀኝ ስፒከሬ ሞተ» ብሎ ይዞልኝ መጣ። ፈታሁት፤ ምንም አልሆነም። ሱቁ ድረስ ሄጄ ገመዶቹን አቀያየርኩ፤ ዝምታው ወደ ግራው ሳጥን ዞረ። ይህን ያየ ጠጋኝ ጥፋቱ ከሳጥኑ ሳይሆን ከምንጩ እንደሆነ ያውቃል። ሲያጫውት የነበረው ከልጄ ቅጂዎች በፍላሽ የወሰደውን ነው። ልጄ ለሌላ ሰው ያዘጋጀውን ቅጂ ሁሉ በሁለቱም በኩል እንዲሰማ አድርጎ ቀድቷል። «የአባዬ» ብሎ በሰየመው ውስጥ ግን በሸክላው ከቀኝ ብቻ የሚወጣውን ጥሩምባ ከዘፋኙ ጋር ጠቅልሎ ወደ ግራ አምጥቶታል። በቀኝ በኩል ምንም የለም።

አራተኛ፤ ቀኝ ጆሮዬ መስማት ካቆመ ስድስት ዓመት ሆነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ግን ባዳነቱን በጊዜ ነግሮኛል፤ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ስሜን ፈርቼ ነው። ልጄ ያን ቀን ይህንኑ ቅጂ ሲያጫውትልኝ ሊያሸንፈኝ አልፈለገም፤ ዘፈኑን ሙሉውን ሊያሰማኝ ነበር።

አምስተኛ፤ ዕዳን በተመለከተ የማንም ገንዘብ የለብኝም። የልጄ ስም ግን አለብኝ። አጭበርባሪ አይደለም፤ ያን ቀን የሳቀ እንግዳ ሁሉ ተጠርቶ ይህ ይነበብለት። ሸክላ ይበልጣል ማለቴን አልተውኩም። ሁለት ጆሮ ላለው ሰው ይበልጣል። ለእኔ የሚበልጠው ልጄ የቀዳልኝ ነው።

ከጸሐፊው፤ ተናዛዡ ከመፈረማቸው በፊት ለልጃቸው እንዲደወል አዘዙ። የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰምተናል።

«አባዬ? ደህና ነህ?»

«ኑዛዜ ላይ ነኝ። ጆሮዬን እንዴት አወቅህ?»

«በቀኝህ ተቀምጬ ሳወራህ አትመልስልኝም ነበር። መጀመሪያ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ አጭበርባሪ ስልህ ለምን አልተናገርክም?»

«እንግዳ ፊት?» አለ።

ተናዛዡ አለቀሱ። ስልኩ ሳይዘጋ «መምህር፣ ይጨምሩበት» አሉኝ፤ «ሸክላዎቹ ሞቴን አይጠብቁም። ልጄ ቅዳሜ መጥቶ ይረከብ። ሲመጣም በግራዬ ይቀመጥ።»

ይህ ሁሉ ተነቦላቸው «ቃሌ ነው» ብለው ፈርመዋል፤ እኛም ይህን አይተን ፈርመናል፦

ተናዛዥ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ (ፊርማ)
ምስክር፣ ልብስ ሰፊው (ፊርማ)
ምስክር፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት (ፊርማ)
ጸሐፊና ምስክር፣ የሒሳብ መምህሩ (ፊርማ)