እሳት የከለከለን ሰው

እማዬ፣ የኔ ደግ፣

ከተለየሽኝ በዚህ ኅዳር ሦስት ዓመት ሞላ። ተዝካርሽን አውጥቻለሁ፤ በዚያ በኩል አታስቢ። ቤቱን ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ፣ ላሚቱም ሴት ጥጃ ወልዳለች። እኔም እዚያው ደብረ ብርሃን ክሊኒክ ድሬሰር ነኝ፤ መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን የቤት ወሬ ለመንገር አይደለም። ደምሴ እጄ ላይ ወደቀ።

ዘንድሮም ውርጭ ገብሱን ፈጅቶታል። ጠዋት ሜዳው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ገብሱ ሲመታ ሕፃናቱም አብረው ይመታሉ፤ እናት ካልበላች ጡቷ ይደርቃል፣ ያልጠባ ሕፃን ደግሞ ብርዱን በምን አቅሙ ይችለዋል? ክሊኒኩ በሚያቃስቱ ልጆች ሞልቷል። ደረታቸው ሲንኮራኮር በሰማሁ ቁጥር ወንድሜ ሽፈራው ይመጣብኛል።

ያኔ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ አባባም ከሞተ ገና ዓመቱ። ሽፈራው እንኳን ሊድህ፣ ተደግፎ መቀመጥም አልጀመረ። ተቅማጥ ያዘውና በልደታ ቀን ወንዝ ወርደሽ ጨርቁን አጠብሽ። ሌላ ጨርቅ የለው፣ ምን ታድርጊ! በሳምንቱ ውርጭ ሲጥል ጭቃ ሹሙ ደምሴ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ፣ በዓል ሽራ ውርጩን ያመጣችብን እሷ ናት አለ። ማንም እሳት እንዳያስጭርሽ አገሩን አስማለ።

ኩበቱ ርሶ እሳታችን የጠፋ ጠዋት፣ ገል ይዘሽ ሦስት ቤት አንኳኳሽ። እኔ ብርዱ ደረቱ ገብቶ የሚያስለውን ሽፈራውን ታቅፌ ከደጃፍ አይሽ ነበር። ከሦስቱም ጣሪያ ጭስ ይወጣል፤ በር የሚከፍት ግን ጠፋ። ገሉን ባዶውን ይዘሽ ስትመለሺ የሽፈራው ደረት ዝም ብሎ ነበር። እኔ የተኛ መስሎኝ እሹሩሩ እለዋለሁ።

እና ይኸው ደምሴ የልጁን ልጅ ተሸክሞ፣ ከነእናቷ ክሊኒክ መጣ። ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሳንባ ምች ይዟታል። ያኔ በልጅነቴ ከመንደሩ ከወጣን ወዲህ አይቶኝ ስለማያውቅ እኔን አላወቀኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መርፌውን እንደያዝኩ እጄ ቆመ። ክፉ ነገር አሰብኩ። ልጅቷ ግን ሳለች፤ ሳሏ ቁርጥ የሽፈራው። ወጋኋትና ከእናቷ ጋር ከሰሉ አጠገብ አስተኛኋት። እሱን አንድ አስታማሚ ይበቃል ብዬ ውጭ፣ ነፋስ ላይ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ ደንብ የለንም፣ እኔው ነኝ ያወጣሁት። ሰባት ቀን ሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ በመስኮት እያየሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እግዜር ይቅር ይበለኝም አላልኩ።

ልጅቷ የዳነች ቀን ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ስምሽን ጠራሁለት፣ ልጇ ነኝ አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከ። የንስሐ አባቴ እንኳ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው ብለው ተቆጡኝ። እኔ ደግሞ ያንን ቃል በተናገረበት ደጅ ቆሞ ይመልሰው አልኩ። መንደሩ ለዘንድሮውም ውርጭ በአንዲት አራስ ላይ ጣት መቀሰር ጀምሮ ነበርና ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ።

እሑድ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ደምሴ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በሕዝቡ ፊት ቆመ። ውርጭ በራሱ ጊዜ የሚመጣ የሰማይ ነገር እንደሆነ፣ አንቺ ምንም እንዳላጠፋሽ፣ ሽፈራውን የገደለው የገዛ አፉ እንደሆነ ተናገረ። ሁሉም ሰማ፤ እነዚያ ሦስት ቤቶችም ሰሙ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ዕርቅ የሚያልቀው የተበደለው ሰው ድንጋዩን በእጁ ሲያወርድ አይደል? ደምሴ እግር ሥር ያለው መሬት በእንባው ረጥቧል። አውርጂለት እያሉ ለመኑኝ።

እማዬ፣ አላወረድኩለትም። ነጠላዬን አጣፍቼ የአራሷን ቤት ጠይቄ ሄድኩ፤ ልጇ ያስላል ብለውኝ ነበር። ድንጋዩን ማን እንዳወረደለት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። አንቺንና ሽፈራውን እስክሞት አስባችኋለሁ፤ ቂሜንም አብሬ።

ልጅሽ አስካለ