ዛቡ ሲላላ እንሄዳለን

ተሰማ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት እነሆ ወጣ። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ጤና ይጠይቃል። እኔ ግን ያ ደረትህን ሲሰነጥቀው የነበረው ሳል ከአንተ ጋር እንዳልተሻገረ አምኜ ጤናህን አልጠይቅም። ፊደል እንደማትቆጥርም አልረሳሁም፤ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ዳዊት ያነበብኩልህ እኔው ነኝ። እዚያ ግን ካህኑም ደብተራውም ሞልቷልና አንዱን ጠርተህ አስነብበው። ሲያነብልህ ደግሞ እንደ ልማድህ አታንቀላፋ።

የቤቱን ልንገርህ። በጓሮ በኩል ያለው አጥር በነፋስ ወድቆ ነበር፤ የጎረቤታችን የእትዬ ዘርፌ ልጆች ባሕር ዛፍ ቆርጠው አቆሙልኝ። እትዬ ዘርፌ ራሳቸው ደግሞ ከጓሯቸው የእንሰት ችግኝ አምጥተው በቅሏችን ትታሰርበት በነበረው ቦታ ተከሉልኝ፤ ፍግ ስለጠገበ ነው መሰለኝ ቁመቴን አልፏል። ጣሊያን ከታች በኩል ያሠራው የነበረው መንገድ ኮልፌን አልፎ ሄዷል። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር ግድግዳችን አቧራ ይለብሳል፣ የሰፈሩ ልጆችም ሲጠራሩ እንሂድ ማለት ትተው በጣሊያንኛ አንዲያሞ ይባባላሉ። ብትሰማቸው ትቆጣ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላም አንተው ቀድመሃቸው ትለው ነበር። እኔ ጥጤን እየፈተልኩ መርካቶ ወደሚሉት አዲሱ ገበያ እወስዳለሁ። ውሻችን መከታም ደህና ነው፤ ይህን ስጽፍ በሩ ላይ ተጋድሞ ዝንብ ያባርራል። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ እሱ ነው።

የጣሊያን ወታደሮች በቅሏችንን ነድተው የሄዱ ሰሞን ምን ያህል እንደተጎዳህ አስታውሳለሁ። ዕድሜህን የሰው በቅሎ ስትለጉም ኖረህ አንዲት የራስህን አገኘህ፣ እሷም ተወሰደች። ባዶውን በረት እያየህ ምሳህን ሳትበላ ትተወው ነበር። ሐዘኑ ሳይወጣልህ በየሰፈሩ ተለፈፈ፤ ያለ ማሰሪያ መንገድ ላይ የተገኘ ውሻ ይገደላል ተባለ። ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው የወታደሮቹ ኬላ አጠገብ የወደቁትን አይተን አወቅን። ሰው ሁሉ ውሻውን ግቢው ውስጥ አሰረ።

የኛ ግን የሚታሰር አልሆነም። እግሬ እንደምታውቀው ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ግራው አጭር ስለሆነ ኮቴዬ ከሌላ ሰው ኮቴ ይለያል። ያ ድምፅ ከበር ሲወጣ ከሰማ መከታ ገመዱን በልቶ፣ አጥሩን ዘሎ ይከተለኛል። እኔም ብሆን ያለ እሱ መሄድ ይከብደኝ ነበር። ባሕር ዛፉ ውስጥ የሚያደፍጥ ነጣቂ የሚመርጠው ሮጣ የማታመልጠዋን ሴት ነው። መከታ አብሮኝ ከሆነ ግን ማንም አይቀርበኝም።

አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የቀረውን የበቅሏችንን ዛብ፣ የልጓሟን ጠፍር፣ አወረድክና በቢላ ቆረጥከው። በንዴት ያደረግከው መስሎኝ ነበር። አንተ ግን በወስፌ ሰፍተህ ለመከታ የአንገት ማሰሪያ አበጀህለትና የቀረውን ጠፍር አስረዝመህ ጫፉን አስያዝከኝ። አብረን እንድንለምደው ነበር ያሰብከው።

ውሻ በኛ ዘንድ የደጅ ነው፤ ይጮሃል፣ ፍርፋሪውን ይበላል፣ አለቀ። ሰው ከውሻ ጋር በአንድ ጠፍር ተያይዞ ሲሄድ በኮልፌ ታይቶ አያውቅም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ፤ ለበዓል የተገዛ በግ እንደሚጎተት ከፊት ሆኜ ጎተትኩት። መከታም ለቢላ የሚነዱት መሰለው መሰለኝ፣ የኋላ እግሮቹን መሬት ላይ ተክሎ፣ ማሰሪያው ጆሮው ድረስ እስኪወጣ አልሄድም አለ። ከገበያ የሚመለሱት ሰዎች ሙክቱ መልካም ነው፣ ለየትኛው በዓል ነው እያሉ አለፉ። እትዬ ዘርፌ አጥራቸውን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። አንተም ሳቅክ፤ በቅሏ ከሄደች ወዲህ ስትስቅ ያየሁህ የዚያን ቀን ነው።

ከዚያ ዛቡን ተቀበልከኝ። የበቅሎ አፍ የሚበላሸው በሚጎትታት ሰው ነው፣ ውሻም ያው ነው አልከኝ። ከጎንህ አቆምከውና አንድ እርምጃ ሄድክ። ወደ ፊት ሮጦ ዛቡን ሲወጥረው ባለህበት ቆምክ። አልጮህክበትም፣ አልመታኸውም፣ ወደ ኋላም አልጎተትከውም። ግራ ገብቶት ዞሮ ሲያይህና ዛቡ ሲላላ፣ ከኪስህ የዳቦ ፍርፋሪ ሰጠኸውና መንገድህን ቀጠልክ። ሲወጠር እንቆማለን፣ ሲላላ እንሄዳለን ትለው ነበር፣ ቋንቋ እንደሚያውቅ ሰው። እንዲህ እያላችሁ ከበራችን እስከ እትዬ ዘርፌ በር ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀባችሁ። የነፍስ አባታችን ሲያልፉ አይተው፣ ተሰማ፣ እጅህን ሳትታጠብ እህል እንዳትነካ ብለውህ ሄዱ። ታጠብክ፤ በማግስቱም ያንኑ ደገምከው።

እየቆየ ከሰፈር ወጥታችሁ እስከ ዳገቱ ትሄዱ ጀመር። ከዓይኔ ከተሰወራችሁ በኋላ ግን ቶሎ አትመለሱም። እንጦጦ ደርሶ ለምሳ የሚመለስ ሰው እንዳልነበርክ፣ ያቺን አጭር መንገድ እንዲህ ስትውልባት ሳይ ሕመሙ ጉልበትህን የጨረሰው መሰለኝ። ፍርሃቴን እንዳታይብኝ፣ በዚህ አካሄድህማ ገበያው ተበትኖ ነው የምትደርሰው እያልኩ አሾፍብህ ነበር። አንተም ማን አስቸኮለኝ ትላለህ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሄድክ። አርባህ እስኪወጣ ጎረቤት አበላኝ። ከዚያ ግን ፈትሉ ተቆለለ፣ እህሉ አለቀ፣ ወደ ገበያ መውጣት ግድ ሆነ። መከታን ትቼው ብወጣ ተከትሎኝ ኬላው ላይ ይሞታል። ይዤው ብወጣም እኔ በግ ጎታቿ ነኝ፣ በወታደሮቹ ፊት ያመልጠኛል። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም፤ ከአንተ የቀረኝ ነፍስ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ መቅበር አልፈለግኩም።

ያን ጠዋት ዛቡን አሰርኩለት፣ ከጎኔ አቆምኩት፣ አንድ እርምጃ ሄድኩ። መከታም ሄደ። ግራ እግሬ ላይ ስወርድ ቀስ ይላል፣ በቀኙ ስነሳ ይነሳል። ዛቡ እጄ ውስጥ መኖሩ እንኳ አይታወቀኝም ነበር። ዳገቱ ላይ፣ ሁልጊዜ እግሬን የማሳርፍባት ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ደግሞ ምንም ሳልለው ቆመና ተቀመጠ። ደርቄ ቀረሁ። በፊት ከእኔ ጋር ሲወጣ ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ ነበር የሚውለው፤ እዚያች ድንጋይ አጠገብ ቆሞ የጠበቀኝ ቀን የለም።

እትዬ ዘርፌ ቅቤያቸውን ይዘው ከኋላዬ ይመጡ ኖሮ ደረሱብኝ። ምነው፣ እግርሽ ጠናብሽ እንዴ አሉኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እንግዲህ ባለቤቱ ሄዷል፣ ብናገር አይቀየመኝም አሉ። ከዳገቱ ሥር ታጥፈህ ከዓይኔ ስትሰወር በግራ እግርህ ማነከስ ትጀምር እንደነበር ነገሩኝ። መጀመሪያ የታመምክ መስሏቸው ጠይቀውህ ነበር አሉ። አንተም ውሻው ነገ የሚሄደው ከእሷ ጋር ነው፣ የእኔን እርምጃ ቢለምድ ምን ይጠቅማታል አልካቸው። ድንጋይዋ ላይ ቁጭ ትልና እኔ የማርፈውን ያህል ታርፋለህ፤ መከታም ከእግርህ ሥር ይቀመጣል። እንዳይነግሩኝም አስምለሃቸው ነበር።

ድንጋይዋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በለቅሶህ ቀን ካለቀስኩት ይልቅ ያንን ለቅሶ እወደዋለሁ።

ኬላው ግን ገና ከፊታችን ነበር። ሁለት ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ ቆመዋል። ልክ ስንቀርብ ካሚዮን ጥሩምባውን ነፋ፤ መከታ ደንግጦ ወደ ፊት ተፈናጠረና ዛቡ ተወጠረ። አንደኛው ወታደር ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እጄ ሊጎትት ቃጣው። ብጎትተው ኖሮ እንደ በጉ ቀን ይታገለኝና ማሰሪያው በጭንቅላቱ በኩል ይወልቅ ነበር። ስለዚህ ቆምኩ። አስተርጓሚው እለፊ እንጂ አንቺ፣ ምን ይገትርሻል እያለ ይጮኻል፣ እኔ ግን ቆሜያለሁ። በሆዴ ሲወጠር እንቆማለን እላለሁ። መከታ ዞሮ አየኝና ወደ እኔ ተመለሰ፣ ዛቡም ላላ። ያን ጊዜ ሄድን። ወታደሩ ለጓደኛው የሆነ ነገር ብሎ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰ። ኬላውን አልፈን ብዙ እስክንርቅ ድረስ እግዚአብሔርንና አንተን ሳመሰግን ሄድኩ።

ተሰማ፣ አሁንም አመሰግንሃለሁ። የበቅሎህ ሐዘን ሳይለቅህ፣ ሳሉ እየጣለህ፣ እኔ ብቻዬን ስለምሄድበት መንገድ አሰብክ። በትዳራችን አንድ ቀን እንኳ የእግሬን ነገር አንስተህብኝ አታውቅም፤ እርምጃዬን ግን ከእኔ አጥርተህ ታውቀው ኖሯል። እንዲህ የተወደደች ሴት መሆኔን ያወቅኩት ከሞትክ በኋላ ነው፤ ቢዘገይም ደስ ብሎኛል።

አሁን በኮልፌ ውሻውን በዛብ ይዞ የሚሄድ ብዙ ነው። የሳቁብን ሁሉ በየተራ መጥተው አስተምሪን አሉኝ፤ እትዬ ዘርፌም ጭምር፣ የሳቸው ውሻ ደግሞ እንደ እመቤቱ ግትር ነው። ሊጎትቱ ሲጀምሩ እጃቸውን ይዤ እንዴት እንደሚቆም አሳያቸዋለሁ። ማን አስተማረሽ ሲሉኝ ስምህን እነግራቸዋለሁ፤ ነፍስ ይማር ይላሉ፣ አሜን እላለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ውሻው ነገ ከማን ጋር ነው የሚሄደው ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። የሚነግሩኝ የዚያን ሰው ስም ነው፤ እንግዲያው የሱን እርምጃ ሂዱ እላቸዋለሁ። ስለዚህ በኛ ሰፈር ጎረምሳው እንደ እናቱ ቀስ ሲል፣ ሽማግሌው ለልጅ ልጁ ብሎ ሲጣደፍ ታያለህ። ዓይኔ ይህን እስካየ ድረስ አልረሳህም።

ያንተው አመለወርቅ፣
ከኮልፌ