እርጥብ እንጨት የማይነኩት እስክሪብቶ ሠሪ

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከአንድ ሥራ ቤት የሳንቃ ግድግዳ ወዲያ፣ ሁለት ወንድማማቾች ሲያወሩ የእህታቸው ልጅ ሰማ። የጨዋታው መነሻ አይታወስም፤ እንጨት እያሾረ የሚቀርጸው ማሽን፣ የቶርኖው ጩኸት ውጦታል። ማሽኑ ሲቆም ግን ታላቅየው፣ «ይኼ እንጨት ገና ነው» አሉ። ታናሽየውም ቀበል አድርገው፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ እኮ ልንቀብርህ ስንመጣም ገና ነው ብለህ ትመልሰናለህ!» አሏቸው። ታላቅየው ምን እንደመለሱ ተረስቷል። ሁለቱም እስኪያስላቸው መሳቃቸው ግን አልተረሳም። ዛሬ የምንሸኘው ታላቅየውን፣ ጋሼን ነው።

ጋሼ በርና መስኮት ይሠሩ ከነበሩት አናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ አንዲት እህትና አንድ ወንድም ተከተሏቸው። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ የአባታቸው ዓይን ስለደከመ የወንበር እግር በሚወጣበት ቶርኖ ቤት ተቀጥረው አሥራ ሁለት ዓመት ሠሩ። በ1968 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ሆነው አንድ ፋብሪካ የጣለውን አሮጌ ቶርኖ ገዙ። በበሩ አልገባ ቢላቸው መቃኑን ነቀሉት። አባታቸውም፣ «ለአንድ ብረት ብላችሁ ቤቴን አፈረሳችሁት» እያሉ በዳበሳ መልሰው ተከሉት።

የመጀመሪያውን እስክሪብቶ የሠሩት ለእጮኛቸው ነበር። እጮኛቸው የክሊኒክ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩና ቀኑን ሙሉ በቀጭን እስክሪብቶ ሲጽፉ ጣታቸው ይቆስል ነበር። ጋሼ ከወይራ ቁራጭ ወፈር ያለ አወጡላቸው፤ ይለስልስ ብለው በብርጭቆ ወረቀት አብዝተው ስለፈተጉት ግን በአንድ ጎኑ የቀለሙን ቀፎ የሚይዘው የውስጡ የነሐስ ቱቦ ብቅ አለ። «ሌላ ልሥራልሽ» ቢሏቸው፣ «ምን በወጣው! አንተም እኮ እንዲሁ ነህ፤ ውስጥህ ይታያል» አሏቸው። በ1970 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

ጋሼ እንጨት ተቆርጦ አራት ዓመት ሳይሞላው ቶርኖ ላይ አያወጡትም ነበር። በሚበሱበት ጊዜም መብሻውን ትንሽ ያስገቡና ያወጡታል፤ እንጨቱን በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል፤ ከሞቀ ማሽኑን አጥፍተው ይቀመጣሉ። «እንጨት ተቆጥቶ ወዲያው አይናገርም፤ ቆይቶ ነው የሚሰነጠቀው» ይሉ ነበር። ደንበኛ «ደረሰልኝ ወይ?» ባለ ቁጥር መልሳቸው አንድ ስለነበር ሰፈሩ «ጋሽ ገና ነው» አላቸው። ስሙን ሲሰሙ አይቀየሙም፤ ዞር ብለው «አቤት» ይሉ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. አንድ ትምህርት ቤት ለተመራቂዎቹ ስልሳ እስክሪብቶ አዘዘ። ጋሼ እናታቸውን ሊያስታምሙ ሄደው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ቀኑ እንዳያልፍባቸው ብለው ስምንት ወር ብቻ የደረቀ እንጨት ቶርኖው ላይ አወጡ። እስክሪብቶዎቹ ሲታዩ ያምሩ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን እንጨቱ እየተኮማተረ በነሐሱ ላይ ይሰነጠቅ ጀመር። ጋሼ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ይቅርታ እየጠየቁ ሰበሰቧቸው። ሲመለሱ ደክሟቸውም አፍረውም ነበርና፣ በደንበኞች ፊት ወንድማቸውን «እጅህን ከቶርኖው ላይ አንሳ!» አሏቸው።

ታናሽየው ሽርጣቸውን አውልቀው ወጡ። ከመንገዱ ማዶ የፎቶ ፍሬም መሥሪያ ከፈቱ። ሁለቱ ሰላምታ አላቋረጡም፤ በደስታም በኀዘንም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ነገር ግን ታናሽየው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ደጃፍ አልረገጡም። ጋሼም ጸጸቱን ለባለቤታቸው ብቻ ሲነግሩ ኖሩ፦ «እንጨቱን አራት ዓመት እታገሣለሁ፤ ወንድሜን አንድ ቀን አልታገሥኩትም።»

በ2012 ዓ.ም. የጋሼ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በቶርኖው ላይ መሮ መያዝ ሲያቅታቸው አጠገቡ ተቀምጠው ይጸልዩ ነበር። ሕመሙ ሲጠና ወንድማቸውን አስጠሯቸው።

«በሰው ፊት አዋረድኩህ። ይቅር በለኝ» አሉ።

«እኔም እርጥብ እንጨት ሠርቻለሁ፤ እኩል ነን» አሉ ታናሽየው፣ የአልጋውን ብረት እያሻሹ።

«እንግዲያስ ወደ ቶርኖው ተመለስ።»

«እሱን ብቻ አትጠይቀኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

ጋሼ አልጨቀጨቋቸውም። «እሺ፣ አምላክ ያውቃል» ብለው እጃቸውን ይዘው ቆዩ።

በሐኪም ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ እህታቸውና ወንድማቸው በሕይወት አሉ። ታጋሹ አምላክ ትዕግሥተኛውን አገልጋዩን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ የደከሙ እጆቻቸውን ያሳርፍልን።

ትናንት፣ ሰው ቀለል ሲል፣ የጋሼ ባለቤት ታናሽየውን ወደ ጓዳ ጠርተው፣ «እሱ ጠይቆህ እንቢ ብለሃል። አሁን የምጠይቅህ እኔ ነኝ» አሏቸው።

ታናሽየው መዳፋቸውን ዘረጉ። ከዚያ፣ «እትዬ፣ የሥራ ቤቱን ቁልፍ ስጪኝ። መጀመሪያ ግን ብቻዬን ልግባ፤ ሰው እንዳይከተለኝ» አሉ። የጋሼን ታናሽ ልጅ ስም ጠርተውም፣ «በማግስቱ እሷ ትምጣ። የእንጨቱን አበሳስ አሳያታለሁ» አሉ።

ይህም በሁላችን ፊት እንዲነበብ ታናሽየው ተስማምተዋል።