የቧንቧ ውሃ ነው ብለን የጻፍነው

ሰኞ
ዛሬም አልሆነም። አራተኛ ሙከራዬ ነው። ጨው፣ የቧንቧ ውሃ፣ ዝግ ያለ ሙቀት፤ የፓተንት ማመልከቻችን ላይ እንደጻፍነው አንድ በአንድ። የወጣው ጨው ለወጥ ይሆናል እንጂ ለመድኃኒት አይበቃም። መርማሪው ፓተንቱን የከለከለን «በቧንቧ ውሃ እንዲህ ሊጣራ አይችልም» ብሎ ነው። ይግባኙ ሐሙስ ይሰማል። አብረውኝ በሠሩት በጋሽ ሐጎስ እጅ ግን ሦስት ጊዜ ተሳክቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሞቱ ስድስት ወር ሆናቸው። እዚህ ገርጂ ላብራቶሪ ብቻዬን ስሆን ከኋላዬ የቆሙ ይመስለኛል። ዞር ስል ጋዋናቸው ነው፣ በሩ ላይ የተሰቀለው። ማውረድ አልቻልኩም።

ማክሰኞ
ጠበቃዬ ቢሮ፣ ኦሎምፒያ። «የጋሽ ሐጎስን የሙከራ መዝገብ ሐሙስ ይዘሽ ነይ፣ በሱ እናሸንፋለን» አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበርና አውጥቼ ገለጥኩት። ሦስቱም የተሳኩት በጳጉሜን መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም አንድ የለም።

ታክሲ ውስጥ ትዝ አለኝ። ማመልከቻውን ላስገባ ስሮጥ ጋሽ ሐጎስ በር ላይ አስቁመውኝ ነበር። «ስለ ውሃው አንድ ነገር ልንገርሽ።» «ነገ፣ ጋሼ» አልኩ። በማግስቱ አልጋ ያዙ። ቀኑን ሙሉ ድምፃቸው ከጆሮዬ አልወጣም። ፈርቻለሁ።

ረቡዕ
ለሚ ኩራ ሄድኩ፣ የጋሽ ሐጎስ ባለቤት እትዬ ለተብርሃን ጋ። ስለ ውሃው ስጠይቃቸው ሳቁ። «የሩፋኤል ዝናብ ነዋ! ጳጉሜን ሦስት በየዓመቱ በጀሪካን ይይዝ ነበር። ያን ዓመት ሁለቱን ‹ሥራችን ይባረክ› ብሎ ወደናንተ ወሰደው።»

የዝናብ ውሃ! እንደ ቧንቧው ጨውን የሚያቆሽሽ ካልሲየም የለው፣ ማግኒዥየም የለው። ተባረከም አልተባረከም የቧንቧ አይደለም። ፈጠራችን የምንለው ደግሞ በቧንቧ ውሃ መሠራቱን ነበር።

«ፓተንቱ ላይ ስሙ ይወጣል አይደል?» አሉኝ። ሻይ ፉት አልኩ።

ለጠበቃዬ ደወልኩ። «መዝገቡ ‹ውሃ› ነው የሚለው። ዝም በይ።»

ሐሙስ
ይግባኙ ወደሚሰማበት ክፍል ዝም ልል ነበር የገባሁት። ሰብሳቢዋ «ውሃው ከየት ነበር?» ሲሉ አፌ ለመዋሸት እምቢ አለኝ። «የዝናብ ነው። እኔም ትናንት ነው ያወቅኩት።» ጠበቃዬ ብዕሩን አስቀመጠ። «ይግባኙን ይተዉታል ማለት ነው?» አሉ ሰብሳቢዋ። «አዎ።» በቃ፣ የሦስት ዓመት ሥራ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ለእትዬ ለተብርሃን ደወልኩ። የጋሽ ሐጎስ ስም እንደማይወጣ፣ ሊነግሩኝ ሲሉ እንዳልሰማኋቸው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም፦

«ሆስፒታል ሆኖ ‹ሳልነግራት፣ ሳልነግራት› ይል ነበር። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቀረሁ።»

እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸው ስልኩን አልዘጉም።